ሰፈሩ ሲስተር ይለኛል፣ እኔ ግን መድሃኒት ማስላት አልችልም

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ የግል ኮሌጅ ነው የምማረው፣ አራት ኪሎ አክስቴ ጋር ነው የምኖረው። አክስቴ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ማታ ከክላስ ስመለስ የምሸጠው እኔ ነኝ፣ የዱቤ ደብተሩንም የምይዘው እኔ ነኝ። የትምህርት ክፍያዬን የሚከፍለው ወንድሜ ነው፣ የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዳው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ነው የሚገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የድራግ ካልኩሌሽን ፈተና ነበረን። እኔ ደግሞ "ሚሊግራም በኪሎ" ምናምን ሲባል ጭንቅላቴ ዝግት ይላል፣ ቁጥሮቹ ይጨፍሩብኛል። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች፣ ወረቀቷን ገለጥ አደረገችልኝ፣ ኮረጅኩ። ከ30 27 አመጣሁ። ኢንስትራክተራችን ክፍል ውስጥ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ዋርድ ወጥተናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሜዲካል ዋርድ ላይ ስኳር ያለባቸው አንድ እናት ነበሩ፣ ስታፍ ነርሷ ኢንሱሊናቸውን ቅጂና ውጊያቸው አለችኝ። ካርዱ ላይ በእጅ የተጻፈውን 60 ብዬ አነበብኩት። 60 ቀዳሁ። ሲሪንጁን ይዤ ወደ አልጋቸው ስሄድ ሲስተሯ "እስኪ አሳዪኝ" አለች፣ አየችው፣ ምንም ሳትቆጣ ከእጄ ወሰደችውና ቀስ ብላ "6 ዩኒት ነው እኮ" አለችኝ። ከዛ 6ዋን ስወጋቸው ሴትየዋ "እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ያንቺ መርፌ አያምም" አሉኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሲስተሯም ለኢንስትራክተራችን የነገረችው አይመስለኝም። ከዛ ቀን ጀምሮ የመድሃኒት ሰዓት ሲደርስ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ ግፊት ምናምን) ልለካ እያልኩ እሸሻለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ፔድስ ነው የምንገባው። ህጻናት! ሁሉ ነገር በኪሎ የሚሰላበት። ጓደኛዬ "ስልክሽ ላይ አፕ ጫኚ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሠራው" ትለኛለች። ሰፈር ውስጥ ከአሁኑ ሲስተር ነው የሚሉኝ፣ ሱቅ ሲመጡ ክኒን እያሳዩ "እስኪ ይሄን እዪልኝ" ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ባወቀ ሰው ድምፅ እመልሳለሁ።

ትምህርቱን ላቋርጥ? ወንድሜን ምን ብዬ? ወይስ ኮርጄ ነው ያለፍኩት ብዬ ልናገር? ብናገር ጓደኛዬም ትነካለች። ዝም ብዬ ብቀጥል ደግሞ አንድ ቀን ሰው እገላለሁ ብዬ እፈራለሁ። እባካችሁ ምከሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ

*

የኔ እናት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ነርስ ነው ያነበብኩት፣ ያው 17 ዓመት ዋርድ ላይ የቆየ ሰው አይኑ ቶሎ ሲሪንጁ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለተኛ ግን ሽንት ቤት ገብተሽ ያለቀስሽውን ልጅ ነው ያየሁት፣ እሷን አውቃታለሁ፣ እኔም እዛ ሽንት ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ እሱን ትንሽ ቆይቼ አወራሻለሁ።

ነገሩን አላቀልልሽም። 60 ዩኒት ኢንሱሊን 6 ለታዘዘላቸው ሴትዮ ቢገባ ኖሮ ስኳራቸው ይወርዳል፣ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ፣ ሌሊት ተኝተው ነው ብሎ ዝም የሚላቸው ሰው ካለ ደግሞ ላይነቁ ይችላሉ። አንቺም ይሄን ታውቂያለሽ፣ ለዛ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። ግን አልሆነም። ያልሆነው ደግሞ በዕድል ብቻ አይደለም፣ ሁለተኛ አይን ስለነበረ ነው። ኢንሱሊን ሁለተኛ ሰው አይቶት ነው የሚሰጠው የሚባለው ለተማሪ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ 20 ዓመት የሠራችም ሲስተር ለጓደኛዋ "እስኪ እዪልኝ" ትላለች፣ ማለት አለባት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። እዛ አልጋ አጠገብ የተሳሳትሽው ስሌት የትኛው ነው? እኔ ፈልጌ አጣሁት። ምንም የሚካፈል የሚባዛ ነገር አልነበረም እኮ። የታዘዘው 6፣ የመድሃኒቱ ጠርሙስ (ቫያሉ) በአንድ ሚሊ 100 ዩኒት፣ ሲሪንጁም በዩኒት የተሰመረ፣ በቃ እስከ መስመሩ መቅዳት ነው። የተሳሳትሽው ንባብ ነው። አንቺ ግን ከፈተናው ኩረጃ ጋር አንድ ላይ ቋጥረሽ "ሒሳብ ስለማልችል ሰው ልገል ነበር" ብለሽ ለራስሽ ነግረሻታል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየብቻ ነው።

ንባቡን እናንሳ። ሐኪሙ የጻፈው 6 ከዛ ዩኒት ለማለት የፈረንጁን ዩ ነው፣ እንደሱ ነው የምጠረጥረው። ዩ ማለት ቅርጿ የኛ ሀ ናት፣ በችኮላ ስትጻፍ አናቷ ይገጥምና ዐ ትሆናለች፣ ዐ ደግሞ ከ6 አጠገብ ስትቀመጥ ዜሮ እንጂ ሌላ ምን ትመስላለች? ይሄ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም፣ አሜሪካን አገር ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን የሚባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 2004 ላይ "እነዚህን አትጻፉ" ብሎ ያወጣው ዝርዝር ውስጥ ዩ አለች፣ ዩኒት ተብሎ ሙሉው ይጻፍ ነው የሚለው። እዛው ዝርዝር ውስጥ ኪውዲ አለች፣ በቀን አንዴ ማለት ናት፣ መሀሏ ላይ ነጥብ ጣል ሲደረግባት ኪውአይዲ ትመስልና በቀን አራቴ ትሆናለች። ከቁጥር ኋላ የምትንጠለጠል ዜሮም አለች፣ 5.0 ብሎ የጻፈው ሰው ነጥቧ ካልታየች 50 ነው ያዘዘው። ከፊት ዜሮ የሌላትም እንደዛው፣ ነጥብ አምስት ብቻ ተብላ ስትጻፍ 5 ሆና ትነበባለች፣ 0.5 መባል ነበረባት። ኤምኤስ የምትለዋ ደግሞ ላንዱ ሞርፊን ሰልፌት የሚባለው የህመም ማስታገሻ ናት፣ ላንዱ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል ጭራሽ ሌላ መድሃኒት። በዚህ ላይ ማይክሮግራምን በምልክት ጽፈውት ሚሊግራም ብለሽ ብታነቢው በ1000 እጥፍ ነው የምትስቺው። እነዚህን ዝርዝሮች አጤሬራ አርጊያቸው (ይሄኛው አጤሬራ ይፈቀዳል)፣ በትንሽ ካርድ ጽፈሽ ጋውንሽ ኪስ ውስጥ ክተቺያቸው። አንቺ ራስሽ ስትጽፊ ደግሞ አታሳጥሪ። የጽሑፍ ፍጥነት የሚያስመሰግንበት ዋርድ እስካሁን አላየሁም።

ከፈረንጅ አጻጻፍ ሌላ ደግሞ የኛ የራሳችን ጣጣ አለ፣ ሰዓት። ቲአይዲ (በቀን ሦስቴ) ሲባል ቻርቱ ላይ 6፣ 2፣ 10 ተብሎ ይጻፋል፣ ያ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በኛ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከማታው 4 ማለት ነው። አዲስ ተማሪ 2ን አይታ ጠዋት በ2 ሰዓት ትሰጣለች፣ ከዛ ከሰዓት የገባችው ደግሞ በ8 ሰዓት ትደግመዋለች፣ በሽተኛው በስምንት ሰዓት ልዩነት መውሰድ ያለበትን በስድስት ሰዓት ልዩነት ወሰደ። አስታማሚ ጋር ስትነጋገሪ ሁሌም በሐበሻ ሰዓት ተናገሪና "መቼ መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ እስኪ" ብለሽ መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ።

ግን እንዲያም ሆኖ፣ 60 ብለሽ ስታነቢ ለምን ልብሽ አልደነገጠም? ይሄን ስጠይቅሽ ለመውቀስ አይደለም። አስቢው፣ አክስትሽ ሱቅ አንድ ደንበኛ መጥተው 6 ኪሎ ስኳር በዱቤ ቢሉሽ ትጽፊያለሽ። 60 ኪሎ ቢሉሽስ? "ምነው፣ ሰርግ አለ እንዴ?" ትያቸዋለሽ። ማንም አላስተማረሽም፣ ፎርሙላም የለውም፣ ግን ሱቅ ውስጥ የነገሮች መጠን እጅሽ ላይ አለ። ዋርድ ላይ ግን ገና የለሽም፣ 6 ዩኒት ትንሽ ይሁን ብዙ አታውቂም፣ ስለዚህ 60ም ያው ቁጥር ነው። 100 ዩኒት በሚይዘው ሲሪንጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ናት፣ 6 ማለት ሦስት ትንንሽ መስመር ነው፣ 60 ከሲሪንጁ ግማሽ ያልፋል። ይሄን አንዴ በአይንሽ ካየሽው ሁለተኛ አትረሺውም። እና ከነገ ጀምሮ ዋርዱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መድሃኒት ስታዪ ስሙን ብቻ አትሸምድጂ፣ አንዴ ሲሰጥ ስንት አካባቢ እንደሚሰጥ፣ ስንት ሚሊ እንደሚሆን፣ ስንት አምፑል እንደሚከፈት እዪ። ለአንድ ዶዝ አምስት አምፑል ልትከፍቺ ከሆነ፣ ወይ አምፑሉ ውስጥ ካለው ጸጉር የምታህል ብቻ ልትቀጂ ከሆነ፣ ቁሚ። "ሰርግ አለ እንዴ?" በይ።

ሒሳቡስ? ወደሱ ልምጣ፣ እሱም እውነተኛ ችግር ነውና። ቁጥሮቹ የሚጨፍሩብሽ መቼ መቼ ነው? ሱቅ ውስጥ አይጨፍሩም አይደል? ሩብ ኪሎ ቡና፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ የወር ዱቤ ደምረሽ ከተከፈለው ቀንሰሽ... ይሄን ሁሉ ማታ ማታ ደክሞሽ ቆመሽ ትሠሪዋለሽ። ታዲያ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ሲያይሽ ነው ጭንቅላትሽ የሚዘጋው? ማን ነው መጀመሪያ "ሒሳብ አይገባሽም" ያለሽ? ለኔ አትመልሺልኝ፣ ግን አስቢበት፣ ምክንያቱም ፍርሃት ከሆነ ፍርሃቱን ነው የምናክመው፣ መሠረቱ ከሆነ የጎደለው ደግሞ መሠረቱን።

መሠረቱ እንደምትፈሪው ሰፊ አይደለም። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ አምፑሉ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ነው የሚለው። ሐኪሙ ለ12 ኪሎ ልጅ 60 ሚሊግራም አዘዘ እንበል (ቁጥሮቹ ለልምምድ ናቸው፣ ከዚህ ዓምድ ላይ ለማንም መድሃኒት እንዳይሰጥ!)። ፎርሙላውን እርሺውና እንደ ሱቅ አስቢ፣ 80 በ2 ሚሊ ከሆነ በ1 ሚሊ ስንት አለ? 40። እኔ የምፈልገው 60 ነው፣ ስለዚህ አንድ ሚሊና ግማሽ፣ 1.5። አበቃ። "የአንዱ ዋጋ ስንት ነው" ብለሽ ነው የጀመርሽው፣ ሱቅ ውስጥ እንደምታደርጊው። ሐኪሙ 5 ሚሊግራም በኪሎ ብሎ ብቻ ቢጽፍ ደግሞ በፊቱ አንድ እርምጃ ትጨምሪያለሽ፣ 5 ሲባዛ 12፣ 60። ፔድስ ማለት ይቺ እርምጃ ናት። ይልቅ ፔድስ ላይ የሚያሳስበኝ ማባዛቱ ሳይሆን ኪሎው ነው፣ ልጁን ማን መዘነው? መቼ? ጫማና ጃኬት ነበረው? ካርዱ ላይ ያለው 12 ትናንት የተመዘነ ነው ወይስ እናትየው በግምት የነገሩት? ማንም ሳይልሽ መዝኚ።

ሌላው ተማሪ የሚያስለቅሰው ፐርሰንት ነው። እሱም ስሙ ነው የከበደው እንጂ፣ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ማለት በ100 ሚሊ ውስጥ 40 ግራም አለ ማለት ነው፣ በቃ። ስለዚህ 20 ሚሊዋ አምፑል ውስጥ 8 ግራም አለ። ሌበር ዋርድ (ማዋለጃ ክፍል) ስትገቢ የሚገጥምሽ ማግኒዥየም ሰልፌት 50 ፐርሰንቱ በ10 ሚሊ አምፑል 5 ግራም ነው የያዘው፣ መጀመሪያ በደም ስር የሚገባው 4 ግራም ሆኖ 20 ፐርሰንት መሆን አለበት ይሉሻል። 5 ግራም በ10 ሚሊ ከሆነ 4 ግራም በ8 ሚሊ ነው። አሁን 4 ግራሙ 20 ፐርሰንት እንዲሆን ስንት ሚሊ ውስጥ መቀመጥ አለበት? 20 ሚሊ። ስለዚህ 8ቱ ላይ 12 ሚሊ ለመርፌ የተዘጋጀ ንጹህ ውሃ ትጨምሪበታለሽ። እስኪ ይሄን በወረቀት ሁለት ሦስቴ ሥሪው፣ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው፣ አንዱን ስትልጪው ሌላው ይታያል (አንዳንዴም ያስለቅሳል)።

አሁን የኔን ሽንት ቤት ላውራሽ። ተመርቄ ሁለተኛው ወር ላይ ነበርኩ፣ የት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ማታ ተረኛ ነኝ። ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት የዋለች ወጣት ሴት ገባች፣ ደርቃለች፣ 1000 ሚሊ ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ስር እንዲገባላት ታዘዘ። የለመድነው ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ የሚሆነው ነው፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 42 ጠብታ በደቂቃ ይሆናል፣ በቃሌ ነው የማውቀው። የእጅ ሰዓቴን አይቼ ቆጥሬ 42 ላይ አሰርኩት፣ ኮራሁ ሁሉ። ጠዋት ሳይ ከግማሽ በላይ ጠርሙሱ ውስጥ አለ፣ ልጅቷ ከንፈሯ እንደደረቀ ነው። ለካ ያን ማታ የተለመደው ቱቦ አልቆ የተቀጠለላት የህጻናቱ ነው፣ 60 ጠብታ አንድ ሚሊ የሚሆነው፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩትም። 42 ጠብታ በዛ ቱቦ 42 ሚሊ በሰዓት ነው፣ በስምንት ሰዓት 336 ሚሊ። ሒሳቤ አንድም ስህተት አልነበረበትም እኮ! የእህቷ ነገር ደግሞ እስከዛሬ ይገርመኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ "ሲስተር ግሉኮሷ አይወርድም" እያለች ስትነግረኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ አስታማሚ ሁሌ ቶሎ ይለቅ እያለ ጎማዋን የሚያላላ ስለሚመስለኝ "አትንኪው!" ብዬ ተቆጣኋት። ሁለተኛ አይን ነበረኝ ማለት ነው፣ አልሰማኋትም እንጂ። ጠዋት ለኃላፊዋ ተናገርኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ሐኪም ተጠራ፣ የጎደላት ፈሳሽ ተተካላት፣ ልጅቷ ዳነች። ኃላፊዋ ከዛ በኋላ የጣለችብኝ ቅጣት የሁሉንም አልጋ ቱቦ ማሸጊያ ለአንድ ወር ጮክ ብዬ እያነበብኩ እንድቀጥል ነበር። አስቂኝ ነበር፣ ግን እስከዛሬ አነባለሁ።

እና ምን ታድርጊ? አፑን በተመለከተ፣ ክፉ ነገር አይደለም፣ እኔም ስልኬ ላይ ካልኩሌተር እጠቀማለሁ። ግን አፑ 60 ብለሽ ካስገባሽ የ60ውን ነው የሚሰጥሽ፣ ካርዱን አላየውም፣ ልጁን አልመዘነውም፣ ማሸጊያውን አላነበበም። መጀመሪያ በብዕር ሥሪ፣ ከዛ በአፑ አረጋግጪ። ሁለቱ ካልተስማሙ ማንንም ሳትነኪ ሰው ጥሪ።

ኩረጃውን ልናገር ወይ ላልሽው፣ እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ዝም ብለሽ ለብቻሽ ብታጠኚ ማንም አያውቅም፣ ምናልባትም ትችዪዋለሽ። ግን እስከዛሬም ለብቻሽ ነው የያዝሽው፣ ያመጣልሽ ነገር የመድሃኒት ሰዓት ሲደርስ መሸሽ ነው። ሁሉንም ዘርግፈሽ ዲፓርትመንት ገብተሽ ብትናገሪ ደግሞ ህሊናሽ ይቀላል ግን ቅጣቱ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅልሽም፣ የጓደኛሽንም ድርሻ አንቺ የመናዘዝ መብት የለሽም፣ እሷን ሳታናግሪ ስሟን አታንሺ። እኔ አንቺን ብሆን ከሲስተሯ ነው የምጀምረው። ያቺ ሴትዮ ሳትጮህ ከእጅሽ ወስዳ ቀስ ብላ የነገረችሽ፣ ሰው ፊት ያላዋረደችሽ። ረስታዋለች ብለሽ እንዳታስቢ፣ እኔ ተማሪዎቼ እጅ ላይ ያየሁትን አንዱንም አልረሳሁም። ተረኛ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቀሽ ጀበና ቡና ጋብዣትና "ሲስተር፣ የዛን ቀን 60 ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ከዛ ወዲህ መድሃኒት እየሸሸሁ ነው፣ ካልኩሌሽንም ይከብደኛል፣ ፔድስ ሳልገባ የምቀዳውን ሁሉ አጠገቤ ሆነሽ እዪልኝ" በያት። ያ ስህተት ሳይደርስ የተያዘ ስህተት ነው፣ ዋርዱም ቢያውቀው ይጠቅመዋል፣ ያንን ካርድ የጻፈው እጅ ነገም ዩ እየጻፈ ነውና። እንዴት እንደሚነገር እሷ ታውቃለች፣ ጠይቂያት።

ከዛ በዛው ሳምንት ኢንስትራክተሩ ጋር ሂጂ። ለሱ የምትይው አጭር ነው፣ "ፈተናው ላይ ያመጣሁት ውጤት የኔን ችሎታ አያሳይም፣ ፔድስ ከመግባቴ በፊት እንደገና ይፈትኑኝ።" ለምን ካለሽ፣ ስለራስሽ እውነቱን ንገሪው። ሊቆጣ ይችላል፣ በጣም ሊቆጣ ይችላል፣ ውጤቱን ሊቀንስብሽም ይችላል። እኔ ብሆን ግን "እንደገና ይፈትኑኝ" ብላ የመጣች ተማሪ ትልቅ ነገር ነው የምትሆንብኝ፣ እንዲህ ያለችኝ በ17 ዓመት ውስጥ አንዲት ብቻ ናት፣ ዛሬ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው የምትሠራው። በነገርሽ ላይ ኤግዚት ኤግዛምም ሆነ የሥራ ፈቃድ ፈተና ሲመጣ የጓደኛሽ ወረቀት አጠገብሽ አይኖርም፣ ያኔ ከመደናገጥ አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሽ ይሻላል።

ሁለቱን ሳምንት ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ሲቀዘቅዝ፣ የዱቤ ደብተሩን ከጀርባ ገልብጪውና በየቀኑ አምስት አምስት ጥያቄ ሥሪ። አምስት ብቻ፣ ሃምሳ አይደለም። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የድሮ ፈተና አያጡም። መለኪያውን (ሚሊግራም ይሁን ሚሊ) ከቁጥሩ አጠገብ ሳትጽፊ አንድም መስመር አትለፊ። ጓደኛሽንም ጥሪያት፣ በፈተና ቀን ወረቀቷን ከምታሳይሽ በሌላ ቀን እንዴት እንደምትሠራው ታሳይሽ፣ እሷም ብትሆን የጠቀመችሽ መስሏት ነው እኮ ያደረገችው።

ክኒን እያሳዩ ለሚመጡት ጎረቤቶች "ተማሪ ነኝ፣ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ" ማለት ነውር የለውም። ቤት መጥተሽ መርፌ ውጊልኝ ካሉሽ ደግሞ ጭራሽ እንዳታደርጊው፣ እሺ?

ማቋረጡን በተመለከተ... መብትሽ ነው። ነርሲንግ ለሁሉም አይሆንም፣ ያልሆነላቸውና ትተው ደስተኛ የሆኑ ጓደኞች አሉኝ። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ነርሲንግን እጠላለሁ የሚል አንድም ቃል አላየሁም፣ እናትየዋ "ያንቺ መርፌ አያምም" ያሉሽን ግን ጽፈሽዋል። ለምን ጻፍሽው? እስኪ ፔድስን ጨርሺና ያኔ ወስኚ፣ እየሸሸሽ ሳለሽ አትወስኚ። ወንድምሽንም አሁን "ላቋርጥ ነው" ብለሽ አታስደንግጪው፣ ግን "አንድ ኮርስ ከብዶኛል፣ እየታገልኩት ነው" ብትይው ምን ይላል? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ስለ ድካም የሚገባው ነገር አለው።

አንድ ጥያቄ ሰጥቼሽ ልሂድ። ሚዛን ላይ ያወጣሽው ልጅ 14 ኪሎ ነው። ፓራሲታሞል 15 ሚሊግራም በኪሎ ታዟል፣ ሽሮፑ 120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ነው። ስንት ሚሊ ትሰጪዋለሽ? በብዕር፣ ያለ አፕ፣ መለኪያውን እየጻፍሽ። እናትየው በእጇ የያዘችው የሻይ ማንኪያ ነው እንጂ ሲሪንጅ የላትም፣ እሷንስ ምን ትያታለሽ? መልሱን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።